በባዕድ ከተማ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መርጦ ልጅን ክርስትና ማስነሣት፦ ለወላጆች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከኢትዮጵያ ወጥተው በዋሽንግተን አካባቢ፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም ወይም በዱባይ ኑሮ የጀመሩ ብዙ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ሥራና ቤታቸውን እስኪያደላድሉ ድረስ ቤተ ክርስቲያን መፈለጉን ለነገ ያቆዩታል። ልጅ ሲወለድ ግን ነገሩ ድንገት ጥድፊያ ይሆናል። አርባው ወይም ሰማንያው ቀን እየቀረበ ሲመጣ አዳራሹ ያማረ፣ መኪና ማቆሚያው የሰፋ፣ በዚያ እሑድ ሌላ ክርስትና ያልተያዘበት አጥቢያ ይፈለጋል፤ ሕፃኑ ይጠመቃል፤ ግብዣው ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ወደዚያ አጥቢያ የሚመለሰው ምናልባት ለፋሲካ ነው። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ለመለወጥ የተጻፈ ነው። ጥምቀት ሕፃኑን የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሚያደርገው ስለሆነ፣ መጀመሪያ መወሰን ያለበት ልጁ በየትኛው አጥቢያ እንደሚያድግ ነው፤ የጥምቀቱ ቀን የሚያዘውም ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ጥምቀት ምን እንደሚሰጥ መረዳት

አጥቢያ ለመምረጥ የሚረዳው የመጀመሪያ ነገር የሚፈለገው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጥምቀት ከሰባቱ ምሥጢራት የመጀመሪያው ሲሆን፣ ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢርም ከምሥጢረ ሥላሴና ከምሥጢረ ሥጋዌ ቀጥሎ ሦስተኛው ነው። ወደ ሌሎቹ ምሥጢራት የሚገባው በእርሱ በር ነው፤ ያልተጠመቀ ሰው አይቆርብም፣ በተክሊል አያገባም፣ ክህነትም አይቀበልም።

ጌታ ለኒቆዲሞስ ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ እንደማይችል የነገረው ቃል (ዮሐንስ 3፥5) የትምህርቱ መሠረት ነው። ሕፃኑ ከእናቱ ሲወለድ የአባቱና የእናቱ ልጅ እንደሆነ ሁሉ፣ ከውኃው ሲወጣ በጸጋ የእግዚአብሔር ልጅ ይሆናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ በሮሜ 6 ጥምቀትን ከሞትና ከመቀበር ጋር ያገናኘዋል፤ ሦስት ጊዜ ወደ ውኃው መግባት ጌታ በመቃብር ያደረውን ሦስት ቀን፣ ከውኃው መውጣት ትንሣኤውን ያመለክታል። ስለዚህ ልደትና ሞት በአንድ ገንዳ ውስጥ ይገናኛሉ። ይህን የተረዳ ወላጅ ቄሱ ሕፃኑን ለምን ሦስት ጊዜ እንደሚያጠልቁት፣ ለምንስ በሥላሴ ስም ብቻ እንደሚያጠምቁ (ማቴዎስ 28፥19) አይጠይቅም።

ጌታ ራሱ ሠላሳ ዓመት ሲሆነው በዮርዳኖስ የተጠመቀው ኃጢአት ኖሮበት አይደለም። ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን «አዳም ገብሩ ለዲያብሎስ፣ ሔዋን አመቱ ለዲያብሎስ» (አዳም የዲያብሎስ ባሪያ፣ ሔዋን የዲያብሎስ ገረድ) የሚል የባርነት ደብዳቤ አጽፏቸው አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል አኖረው፤ ጌታ በጥምቀቱ የመጀመሪያውን፣ ወደ ሲኦል በመውረዱ ሁለተኛውን ደመሰሰ። ትርጓሜው በቆላስይስ 2፥14 ከተጻፈው የተደመሰሰ የዕዳ ጽሕፈት ጋር ይያያዛል። በየዓመቱ ጥር 11 የምናከብረው ይህን የጌታን ጥምቀት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በጃን ሜዳም ሆነ በውጭ ሀገር በሚዘጋጁ ገንዳዎች ዙሪያ በበዓሉ የሚረጨው ውኃ በረከት እንጂ ዳግም ጥምቀት አይደለም። ለፈውስ የሚሄዱበት ጸበልም እንዲሁ ነው። በጸሎተ ሃይማኖት «ኃጢአት በሚሠረይባት በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» ስንል አንዴ የተጠመቀ እንደማይደገም መመስከራችን ነው፤ ኤፌሶን 4፥5ም አንድ ጌታ፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንዲት ጥምቀት ይላል። ስለዚህ «ክርስትናህ በደንብ አልተነሣም፣ እንደገና ላጥምቅህ» የሚል ሰው ካጋጠመ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከዚያ መራቅ ይገባል።

ሕፃን ለምን ይጠመቃል የሚለው ጥያቄ በውጭ ሀገር ከሥራ ባልደረቦችና ከዘመድ ጭምር ስለሚመጣ፣ ወላጆች መልሱን አስቀድመው ቢይዙ ጥሩ ነው። በብሉይ ኪዳን ሕፃን በስምንተኛው ቀን ይገረዝ የነበረው ራሱ ጠይቆ አይደለም፤ ጳውሎስም ጥምቀትን ከመገረዝ ጋር አነጻጽሯል (ቆላስይስ 2፥11-12)። በሐዋርያት ሥራ 16 ልድያና የወኅኒ ቤቱ ጠባቂ ከነቤተ ሰዎቻቸው ተጠምቀዋል። ጴጥሮስ በበዓለ ኀምሳ ሲሰብክ ተስፋው «ለእናንተና ለልጆቻችሁ» ነው ብሏል። በሽባው ታሪክም (ማርቆስ 2) ጌታ ያየው የተሸከሙትን ሰዎች እምነት ነው፤ ሕፃኑን ተሸክሞ የሚመጣው ቤተሰብና የክርስትና አባት ወይም እናት ያላቸው ድርሻም ይኸው ነው። እኔ ግን የመልሱ ክብደት በመጨረሻው ነጥብ ላይ ያረፈ ይመስለኛል፦ ስለ ሕፃኑ እምነታቸውን የሚመሰክሩ ሰዎች ከሌሉ ወይም ከዚያ ዕለት በኋላ ካልታዩ፣ ጥያቄው የሚነሣው በሌሎች ሳይሆን በራሳችን ላይ ነው።

አንደኛ፦ ፍለጋውን በእርግዝና ወራት መጀመር

በሥርዓታችን ወንድ ልጅ የወለደች እናት አርባ ቀን፣ ሴት ልጅ የወለደች ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ስለዚህ ፍለጋውን ከወሊድ በኋላ የሚጀምሩ ቤተሰቦች በተግባር ምርጫውን ለአባት ብቻ ይተዋሉ፤ ልጁን እሑድ እሑድ ይዛ የምትሄደው ብዙ ጊዜ እናት ሆና ሳለ እርሷ ያላየችው አጥቢያ ይመረጣል። ከስድስተኛው ወር በፊት ሁለቱም አብረው መዞር ቢጀምሩ ጊዜ ይበቃቸዋል።

ዝርዝር ለማውጣት የሀገረ ስብከቱን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ከሁሉ የተሻለ ነው። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎችም ይረዳሉ፤ ነገር ግን ማስታወቂያ መለጠፉ ስለ አጥቢያው መዋቅር ምንም አይናገርም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ደግሞ የሥራ ዕረፍት ቀንን ተከትሎ ቅዳሴው በእሑድ ፋንታ በዓርብ ሊሆን ስለሚችልና ቦታውም ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር የጋራ ሊሆን ስለሚችል ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድመው ያረጋግጡ።

በአቅራቢያው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጨርሶ ከሌለስ? የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የህንድ ማላንካራና የኤርትራ አብያተ ክርስቲያናት በ451 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ያልተቀበሉ እኅት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ መሪዎቻቸውም በጥር 1957 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጠሪነት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ነበር። ከእነርሱ ጋር በእምነትና በምሥጢራት አንድ ነን። የግሪክና የሩሲያ ኦርቶዶክስ ግን ስማቸው ቢመሳሰልም በቁርባን አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው «ኦርቶዶክስ» የሚለውን ጽሑፍ በር ላይ አይቶ ብቻ ይገባል፤ ከመወሰን በፊት ቢቻል በስልክም ቢሆን የሚያውቁትን የኢትዮጵያ ካህን ያማክሩ።

ሁለተኛ፦ አጥቢያው በማን ሥር እንዳለ ማጣራት

ይህ ጥያቄ ለአንዳንዶች የፖለቲካ ጥያቄ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን በቀጥታ ከጥምቀቱ ጋር የተያያዘ ነው። ሕፃኑ ከውኃ ሲወጣ የሚቀባውን ሜሮን (ቅዱስ ቅባት) የሚባርኩት ጳጳሳት ናቸው፤ ቄሱ ያንን ተቀብለው ይቀባሉ እንጂ ራሳቸው አያዘጋጁትም። ታቦቱንም የሚባርኩት ጳጳስ ናቸው፤ ቄሱንም የሾሟቸው ጳጳስ ናቸው። ስለዚህ «ሊቀ ጳጳሳችሁ ማን ናቸው? በየትኛው ሀገረ ስብከት ሥር ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ ሜሮኑ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው። በጨዋነት የተጠየቀ ጥያቄ በጨዋነት ይመለሳል፤ አስተዳዳሪው በጥያቄው ቢቆጡ ቁጣው ራሱ መረጃ ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አጥቢያዎች ታሪክ ውስብስብ የሆነበት ምክንያት አለ። ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነሥተው በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ከተሾሙ በኋላ በውጭ ያሉ ምእመናን ሦስት ቦታ ተከፍለው ቆዩ፦ በአዲስ አበባው ሲኖዶስ ሥር የሆኑ፣ በስደት ባለው ሲኖዶስ ሥር የሆኑ፣ እና «ገለልተኛ» የተባሉ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ዕርቅ ተፈጽሞ አቡነ መርቆሬዎስ በዚያው ወር ወደ ሀገራቸው ተመለሱ፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜም ከአቡነ ማትያስ ጋር በአንድ ሲኖዶስ ነበሩ። ከዚህ ታሪክ የተነሣ በአንድ ሰፈር ውስጥ በአንድ ቅዱስ ስም የተሰየሙ፣ ግን ከአንዱ ተለይተው የወጡ ሁለት አጥቢያዎች ማግኘት አያስደንቅም። አዲስ መጤ ቤተሰብ የድሮውን ጠብ የመውረስ ግዴታ የለበትም፤ ዛሬ በሲኖዶሱና በሊቀ ጳጳሱ ሥር መሆናቸውን ማወቅ ይበቃል።

ሦስተኛ፦ ሄዶ ማየት

አንድ እሑድ አይበቃም። ቢቻል ተራ እሑድ፣ የንግሥ ዕለት፣ እንዲሁም የጾም ቀን ቅዳሴ ማየት ይጠቅማል፤ የንግሥ ዕለት ሁሉም አጥቢያ ያምራል፣ የአጥቢያው እውነተኛ ማንነት የሚታየው ግን ሰው በሚያንስበት ዕለት ነው። ቅዳሴ ከመጀመሩ በፊት ይድረሱ። ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፣ በድምሩ አምስት አገልጋዮች ያስፈልጋሉ፤ በትንንሽ ከተሞች አገልጋይ በማነሱ ቅዳሴው በየሳምንቱ ላይኖር ይችላልና ይህን ይጠይቁ። ይህ ጉድለት አጥቢያውን ለመተው ምክንያት አይደለም፣ ነገር ግን የክርስትናው ዕለት ሕፃኑ መቁረብ ስላለበት ቀኑን ሲይዙ ይጠቅማል።

ከዚያ ዓይን የሚጣልባቸው ነገሮች አሉ። ከቅዳሴው በኋላ ወንጌል ይተረጎማል ወይስ ሰዓቱ በሙሉ ስለ ሕንፃ መዋጮ ይሄዳል? ልጆች የት ናቸው? በአሜሪካ ተወልደው ያደጉ ሕፃናት አማርኛውን በከፊል ብቻ የሚሰሙ ከሆነ ሃይማኖታቸውን በሚገባቸው ቋንቋ የሚያስተምራቸው ሰው አለ ወይ? ሰንበት ትምህርት ቤቱ ከመዝሙር ውጪ ምን ያስተምራል? ሰበካ ጉባኤው በምእመናን ይመረጣል፣ የገቢና የወጪ ሪፖርትስ በየዓመቱ ለምእመናን ይቀርባል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ አላስፈላጊ ይመስል ይሆናል፤ ይሁንና በውጭ ሀገር በብዙ አጥቢያዎች መለያየት ያመጣው ከሃይማኖት ትምህርት ይልቅ የገንዘብና የሕንፃ ጉዳይ ስለሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው መመዘኛ ግን ርቀት ነው። አርባ ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ ያለ ልጅ ቀላል ነው፤ ሁለት ሕፃናት ከኋላ ወንበር ይዞ በክረምት ጠዋት ግን ሌላ ነው። ከሁለት መልካም አጥቢያዎች ቅርቡን መምረጥ ልጁን ወደ ቤተ ክርስቲያን የመውሰድ ዕድሉን ይጨምራል።

አራተኛ፦ አባል መሆንና የንስሐ አባት መያዝ

አጥቢያው ከተመረጠ በኋላ በሰበካ ጉባኤ መመዝገብ፣ ወርሃዊ ክፍያውን መጀመርና የንስሐ አባት መያዝ ያስፈልጋል። ከሀገር ቤት የንስሐ አባት ያላቸው ሰዎች በስልክ መቀጠል ይፈልጋሉ፤ ምክሩ በስልክ ይቻላል፣ ሕፃን ሲታመም በሌሊት መጥተው የሚጸልዩት ግን ቅርብ ያሉት ናቸው። ሊቀይሩ ካሰቡ ለቀድሞው አባት ነግረው፣ አስፈቅደው ይሂዱ። አዲሱ ካህን የቤተሰቡን ሁኔታ፣ ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ መሆን አለመሆኑን፣ ወላጆቹ ራሳቸው የተጠመቁ መሆናቸውን ይጠይቃሉ። እውነቱን መናገር ይገባል፤ ጋብቻው በማዘጋጃ ቤት ብቻ የተፈጸመ መሆኑ ሕፃኑን ከጥምቀት አያግድም፣ ወላጆቹ ግን ስለ ራሳቸው ንስሐና ቁርባን መመሪያ ያገኙበታል።

አምስተኛ፦ ቀኑን መቁጠር

ወንድ ሕፃን በአርባ፣ ሴት ሕፃን በሰማንያ ቀን የሚጠመቁበት መሠረት ዘሌዋውያን 12 ነው፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በአርባ ቀን፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ወደ ገነት እንደገቡ ይናገራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መቁጠር ቀላል ነው፤ ወሮቹ ሁሉ 30 ቀን ስላላቸው። የተወለደበትን ቀን አንድ ብሎ ሲጀመር፣ መስከረም 1 የተወለደ ወንድ አርባኛ ቀኑ ጥቅምት 10፣ በዚያው ቀን የተወለደች ሴት ሰማንያኛ ቀኗ ኅዳር 20 ይሆናል። መካከሉ ላይ ጳጉሜን ካለች አምስት ወይም ስድስት ቀኖቿን አብሮ መቁጠር እንዳይዘነጋ። በሀገር ቤት ቀኑ በዋለበት ዕለት ይጠመቃል፤ በውጭ ሀገር ግን ቅዳሴው በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ስለሚሆን ቀኑ በሞላ ወደሚቀርበው እሑድ መተላለፉ የተለመደ ነው። በሰሙነ ሕማማት ክርስትና አይነሣም፤ ቀኑ ከዚያ ጋር የሚጋጠም ከሆነ ገና በመጋቢት መጀመሪያ ካህኑን ያነጋግሩ።

ሕፃኑ ከታመመና ለሕይወቱ የሚያሰጋ ከሆነ አርባው ወይም ሰማንያው አይጠበቅም። ካህን በአስቸኳይ ይጠራል፣ ያጠምቃሉ። በሆስፒታል ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ካህን እንዲገባ ለማስፈቀድ የሕክምና ሠራተኞቹን አስቀድሞ መጠየቅና የካህኑን ስልክ በእጅ መያዝ ይጠቅማል፤ የንስሐ አባት አስቀድሞ መያዝ የሚጠቅመው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው።

ስድስተኛ፦ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት

ለወንድ ሕፃን የክርስትና አባት፣ ለሴት ሕፃን የክርስትና እናት ይቆማሉ። የተጠመቁ፣ በሃይማኖታቸው የጸኑ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች መሆን አለባቸው፤ ወላጆች ለገዛ ልጃቸው መሆን አይችሉም። ሥራቸው በዕለቱ ሰይጣንን መካድና በሕፃኑ ፈንታ እምነትን መመስከር፣ ሕፃኑን ከካህኑ እጅ መቀበል፣ ከዚያም ማስተማር ነው። በዚህም የሕፃኑ ወላጆችና የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ አበልጅ ይሆናሉ፤ ይህ መንፈሳዊ ዝምድና በቤተ ክርስቲያን ሕግ ጋብቻን ይከለክላል። ስለዚህ የማያገቡት ሰው መሆኑን ጭምር አስቦ መምረጥ ያስፈልጋል፤ በተለይ ክርስትና ለማንሣት ላጤ ጓደኛ በሚመረጥበት ጊዜ የሕፃኑን ዘመዶች የሚመለከተውን ክልከላ ካህኑ ያብራሩላቸው።

ብዙ ቤተሰብ ይህን ክብር ለውለታ መመለሻ ይጠቀምበታል፦ ቪዛ ያስጨረሰ፣ ሥራ ያገኘ፣ ድግሱን የሚያግዝ ሰው ይመረጣል። ውለታ በሌላ መንገድ ይመለሳል። ተፈላጊው ሰው በየዓመቱ ጥምቀትና ፋሲካ ላይ ልጁን የሚጠይቅ፣ ራሱ የሚቆርብ፣ ከተቻለም በዚያው ከተማ የሚኖር ነው። ከሀገር ቤት የሚመጣ ወንድም ቢወደድም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሄዳል። ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ እንዲያጠና አስቀድሞ ይነገረው፤ በዕለቱ ከካህኑ ኋላ ቃል በቃል ከመንተባተብ ይድናል።

ሰባተኛ፦ የክርስትና ስም

የክርስትና ስም ብዙውን ጊዜ በዕለቱ ከሚታሰበው ቅዱስ ወይም ከአጥቢያው ታቦት ጋር ተያይዞ ካህኑ የሚሰጡት ነው፦ ወልደ ሚካኤል፣ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ወለተ ማርያም፣ ገብረ መድኅን፣ ጽጌ ማርያም። ወላጆች የሚፈልጉት ካለ አስቀድመው ቢያማክሩ ይሰማሉ። ይህ ስም በመንግሥት ወረቀት ላይ ባይገባም በቁርባን፣ በንስሐ፣ በተክሊልና በፍትሐት የሚጠራው እርሱ ስለሆነ ልጁ ሳይረሳው እንዲያድግ ገና በሕፃንነቱ በቤት ውስጥ አልፎ አልፎ መጥራት ይገባል።

ስምንተኛ፦ የዕለቱ ሥርዓት

ሥርዓቱ የሚፈጸመው በመጽሐፈ ክርስትና ነው። ከቅዳሴ በፊት በማለዳ ይጀመራል፤ ወላጆች ከሰዓቱ ቀድመው መድረስ አለባቸው። ካህኑ በሕፃኑ ላይ ጸልየው በዘይት ይቀቡታል። የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ሕፃኑን ይዘው ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዞረው በሥላሴ ማመናቸውን ይመሰክራሉ፣ ጸሎተ ሃይማኖትን ያደርሳሉ። ውኃው ይባረካል። ካህኑ ሕፃኑን በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ ያጠልቁታል። ወዲያው ከግንባሩ ጀምሮ በሰውነቱ ክፍሎች ላይ ሜሮን ይቀባል፤ ይህ በሰማርያ የተጠመቁት ሰዎች ጴጥሮስና ዮሐንስ እጃቸውን በጫኑባቸው ጊዜ መንፈስ ቅዱስን እንደተቀበሉ (የሐዋርያት ሥራ 8) የሚፈጸም ሌላ ምሥጢር ነው። ነጭ ልብስ ይለብሳል፣ ማዕተብ ይታሰርለታል፣ ከዚያም በቅዳሴው ሥጋ ወደሙን ይቀበላል። በአንድ ጠዋት ሦስት ምሥጢራትን ተቀብሎ ይወጣል ማለት ነው።

ዝግጅቱ ብዙ አይደለም፦ ነጭ ልብስ፣ ሁለት ፎጣ፣ ነጠላ፣ ማዕተብ፣ ጧፍ፣ ሕፃኑ ከሥርዓቱ በኋላ የሚለብሰው ሙቅ ልብስ። በብርድ ሀገር ውኃው ለብ እንደሚል ወይም እንደማይል አስቀድመው ይጠይቁ፤ በኪራይ አዳራሽ የሚያገለግሉ አጥቢያዎች እሳትና ዕጣንን በተመለከተ የሕንፃው ባለቤት የሚያወጣው ገደብም ሊኖርባቸው ይችላል። ሕፃኑ ከመቁረቡ በፊት ጡት ስለሚጠባበት ሰዓት ካህኑ ይመሩዎታል። ሜሮን የተቀባውን ሕፃን መቼ ማጠብ እንደሚፈቀድ፣ ውኃውስ የት እንደሚፈስ እርሳቸውን ይጠይቁ፤ ማንም ጎረቤት የሚለውን ይዘው አይሂዱ። ምሥጢር በዋጋ አይሸጥም፤ አጥቢያው ለአገልግሎት ብሎ የሚጠይቀው መዋጮ ካለ ግን ደረሰኝ ይኑረው።

ፎቶ አንሺ ካለ የት እንደሚቆም በቅድሚያ ይስማሙ። ካህኑና ሕፃኑ መካከል ገብቶ ካሜራ የሚያበራ ሰው ጸሎቱን ያቋርጣል። ድግሱ በጾም ቀን ከዋለ የጾም ምግብ ይሁን፤ በዚያ ጠዋት ለልጅ ሃይማኖት መስክሮ በከሰዓት ጥብስ ማቅረብ ለእንግዶችም ግራ ነው።

ዘጠነኛ፦ ወረቀቱ

ከሥርዓቱ በኋላ የክርስትና ካርድ ይሰጣል። ሕፃኑ የተጠመቀበት ቀን በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የክርስትና ስሙ፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ስም፣ የአጥቢያው ማኅተምና ያጠመቁት ካህን ፊርማ መኖሩን ከመውጣት በፊት ያንብቡ። በኢትዮጵያ ይህ ካርድ ለረጅም ዘመን የልደት ማስረጃ ሆኖ አገልግሏል፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በመንግሥት ስለሚፈጸም ግን የልደት የምስክር ወረቀትን አይተካም። ወደፊት ግን ለተክሊልና ለክህነት የሚያስፈልገው ይኸው ነውና ቅጂውን ለብቻ ያስቀምጡ።

ለየት ያሉ ሁኔታዎች

ልጁ አርባው ወይም ሰማንያው አልፎ ሁለት ወይም አምስት ዓመት ከሆነው ማፈር አያስፈልግም፤ ትልልቅ ልጆች የተጠየቁትን መመለስ ከቻሉ ተዘጋጅተው ይጠመቃሉ። አዋቂ ሰው ግን በቅድሚያ ይማራል፤ ንዑሰ ክርስቲያን ይባላል፤ በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ፃኡ ንዑሰ ክርስቲያን» (ንዑሰ ክርስቲያን ውጡ) የሚሉት ያልተጠመቁትን ነው። የሐዋርያት ሥራ 8 የሚተርክልን የኢትዮጵያ ንግሥት የሕንደኬ ጃንደረባም ከፊልጶስ ኢሳይያስን ተምሮ አምኖ ነው ወደ ውኃው የወረደው። የትምህርቱ ርዝመት እንደ ሰውየው ይለያያል፤ ለተጋባዥ እንግዶች ሲባል ግን አይቸኮልም።

ከባልና ሚስት አንዱ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ውይይቱ ከልደት በፊት ማለቅ አለበት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ያጠምቃሉ፤ ሙሉ ወንጌልና ቃለ ሕይወት ደግሞ ሰው ካመነ በኋላ ብቻ ያጠምቃሉ። ስለዚህ «ሲያድግ ራሱ ይመርጣል» ማለት ለአንዱ ወገን ገለልተኛ መልስ ሊመስል ይችላል፤ በእውነቱ ግን የአንዱን ትምህርት መምረጥ ነው። ሁለቱም ካህኑ ፊት አብረው ቀርበው ቢነጋገሩና ልጁ የት እንደሚማር፣ ጾሙ እንዴት እንደሚጠበቅ ቢስማሙ፣ ኋላ በአያቶች መካከል ከሚነሣ ክርክር ይድናሉ።

በሌላ ከተማ ሥራ ተገኝቶ ቤተሰቡ ሲዛወር ከአጥቢያው አስተዳዳሪ መሸኛ ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ፤ የቤተሰቡ አባላት የክርስትና ስም፣ የንስሐ አባት ስምና የተጠመቁበት ቀን ቢጻፍበት አዲሱ ሰበካ ጉባኤ ያለ ጥያቄ ይመዘግባቸዋል።